ጀርባው ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ

ወሎ ከካሜራ ጋር የተዋወቀችው በጦርነት መሐል ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ፣ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጡት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ከጓዛቸው መካከል የፎቶግራፍ መሣሪያና የመስተዋት ፕሌት ነበራቸው። አምባውን፣ ሰፈራቸውንና መኮንኖቻቸውን አነሡ። ከጥቂት ወራት በኋላ አባትም አገርም ያጣው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዟ የዋይት ደሴት ላይ፣ በዘመኗ ስመ ጥር በነበረችው በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። እነዚያ ፎቶዎች ዛሬም ቁጥርና መግለጫ ተሰጥቷቸው በውጭ አገር ቤተ መዘክሮች ተቀምጠዋል።

ሁለተኛው ዙር የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። ፊልሙ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ደግሞ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ድምፅ ዓለምን አስለቀሰ።

በእነዚህ ቀረጻዎች ውስጥ ውሸት የለም። ረሃቡም ነበረ፣ መቅደላም ተቃጥሏል። ይሁንና በዓለም መዛግብት የሚገኘው የወሎ ሰው በአብዛኛው ወይ ሲሸነፍ ወይ ሲራብ የተነሣ ነው። ስሙ የተጻፈለትም ጥቂት ነው። ሲያገባ፣ ሲመረቅ፣ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ፣ በዒድ ሲያምርበት፣ ከጓደኞቹ ጋር ተቃቅፎ ሲስቅ የተነሣው ፎቶ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እሱም እቤቱ።

ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠችው መካነ ሰላምና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘቀዝቀው የወግዲ ወረዳ የዚህ ሁለተኛ ዓይነት ፎቶ አገር ናቸው። የሳሎን ግድግዳ ላይ በአንድ መስተዋት ሥር ሃያና ሠላሳ ትንንሽ ፎቶ የታጨቀበት ፍሬም ይሰቀላል። በእንዲህ ያለ ፍሬም ውስጥ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር የወረደ ተማሪ ከገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ጎን ቆሞ ሊገኝ ይችላል። መሠረተ ትምህርት ጨርሳ የምስክር ወረቀቷን ደረቷ ላይ የያዘች እናት፣ ከድርቁ በኋላ በሠፈራ መተከል ወይም ጋምቤላ የቀረ ወንድም፣ ጅዳ ያለች እህት፣ ጋዋን ለብሶ የተመረቀ ልጅም ከዚያው አይጠፉም። አባት ለቀበሌ መታወቂያ ሲሉ የተነሡት ጉርድ ፎቶም አለ። ሰውየው ሲያርፉ ፎቶ ቤት ተወስዶ እንዲያድግ የሚደረገው፣ ሐዘን ድንኳን ውስጥ የሚቆመው እሱ ነው። ለብዙ ገበሬ በዕድሜ ልኩ የተነሣው ብቸኛ ፎቶ ያ ነው።

ይህ ሁሉ የሚቀመጥበት ሁኔታ ለፎቶ አይስማማም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የታጠበ ባለ ቀለም ፎቶ ቀለሙ እየበረረ ወደ ቀይነት ይሄዳል። ጥቁርና ነጩ የተሻለ ዕድሜ አለው፤ ኬሚካሉ በደንብ ካልታጠበለት ግን እሱም ቢጫ ይላል። የምድጃ ጭስ፣ የክረምት እርጥበትና ያ ሙጫው ከፎቶው ጀርባ ጋር የሚጣበቀው የፕላስቲክ አልበም የቀረውን ይጨርሳሉ። ይሁን እንጂ ከፎቶው ቀድሞ የሚሞተው ፎቶውን የሚያውቀው ሰው ነው። ጀርባው ባዶ የሆነ፣ ማን እንደሆኑ የማይታወቁ አምስት ወጣቶች የቆሙበት ፎቶ ምንም ያህል ቢጠራ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ነው ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገው።

በየቦታው የቅርስ ዲጂታል ሥራ ሲታሰብ ግን ወሬው የሚጀምረው ከማሽን ነው። ስካነር ይገዛል፣ ኮምፒዩተር ይገባል፣ ሪባን ይቆረጣል። የስካነሩ ሥራ ደግሞ ከሁሉም የቀለለው ነው፤ አንድ ፎቶ ለመቅዳት ደቂቃ አይፈጅም። ከባዱና ረጅሙ ሥራ ፎቶው ውስጥ ያለውን ሰው ስም ማግኘት፣ መጻፍና ሌላ ሰው ሊያገኘው በሚችልበት መንገድ ማስቀመጥ ነው።

ለዚህ ከወሎ የቀረበ ምስክር አለ። በፈረንጆቹ 1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በሚኒሶታ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍትና ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተስማምተው የአገሪቱን የብራና መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም ማንሣት ጀመሩ። እስከ 1990ዎቹ ባለው ጊዜ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሡ። ከእነሱ አንዱ የሐይቅ እስጢፋኖሱ ወንጌለ ኢየሱስ ሞዓ ነው፤ ከ13ኛው መቶ ዘመን የተረፈ፣ የማይክሮ ፊልም መለያ ቁጥሩ 1832 የሆነ መጽሐፍ። ፊልሙ ብቻውን ግን በሳጥን የተቀመጠ ጥቅል ነበር። ዕውቀት ያደረገው የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዕር ነው። በደርግ ወታደሮች ጥይት ከወገብ በታች የማይንቀሳቀሱ ሆነው ወደ አሜሪካ የሄዱት እኚህ ሊቅ፣ እያንዳንዱ ብራና ምን እንደያዘ፣ ማን እንዳስጻፈው፣ በኅዳጉ ላይ የማን ርስትና የማን ስጦታ እንደተመዘገበ እየለቀሙ የብዙ ቅጽ ካታሎግ አዘጋጁ። በ1988 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉም ከሥራው አልተለዩም። ዛሬ አንድ ተማሪ ስለ መካከለኛው ዘመን ወሎ ሲጽፍ የሚያጣቅሰው የእሳቸውን ገለጻ ነው። ለመካነ ሰላም የሰርግ ፎቶ የሚያስፈልገውም ይኸው ዓይነት ትዕግሥት ነው፤ መጠኑ ቢያንስም ጠባዩ አንድ ነው።

ሌላው ትምህርት ከለንደን ይመጣል። ከመቅደላ ከተዘረፉት ብራናዎች 350 ያህሉ የእንግሊዝ ሙዚየም ንብረት ሆነው በኋላ ወደ እንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ዞሩ። በ1872 እ.ኤ.አ. ለዐፄ ዮሐንስ የተመለሰውን ክብረ ነገሥት ሳንረሳ፣ አብዛኞቹ እዚያው ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ባለፉት ዓመታት ብዙዎቹን በዲጂታል ቀድቶ ለዓለም ከፈተ። አዲስ አበባም ደሴም ሆኖ ማየት ተቻለ። ከዚያ ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ላይ የሳይበር ዘራፊዎች ተቋሙን መቱት። የዲጂታል ብራናዎቹ ገጽ ለብዙ ወራት ጠፋ። የዓለም ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ የሆነ ተቋም እንዲህ ከሆነ፣ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ሁሉን ነገር አንድ ኮምፒዩተር ላይ ወይም አንድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ አስቀምጦ እፎይ ሊል አይችልም።

አገር ውስጥም ማስታወሻው ትኩስ ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ከተማዋ በተያዘችባቸው ሳምንታት ተዘርፏል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር ከእንዲህ ያለ ወቅት አያልፍም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። ስለዚህ ፎቶዎቹ በቀጥታ ‹‹ደመና ላይ›› ይሰቀሉ የሚል ምክር ለወግዲ አይበጅም። አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ሐርድ ዲስክ፣ አንድ በዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ደግሞ ከወሎ ውጭ፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) ቢቀመጥ ይሻላል።

ዩኒቨርሲቲ ሲባል ሩቅ አይደለም። አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ቱሉ አውሊያ ቢሆንም መካነ ሰላም ላይም ግቢ አለው። ተማሪ አለው፣ ኮምፒዩተር አለው፣ የታሪክና የአማርኛ መምህር አለው። የጎደለው ፎቶው ነው፤ እሱ ደግሞ ከግቢው አጥር ውጭ ባሉት ቤቶች ሞልቷል።

ፎቶውን ከቤት ለማስወጣት የሚቻልበትን መንገድ ሌሎች ሞክረውታል። ፊሊፕ ሹትስ፣ ወንጌል አበበና ናፍቆት ገበየሁ ‹‹ቪንቴጅ አዲስ አበባ›› ብለው የጀመሩት ሥራ ከተራ ቤተሰቦች አልበም የድሮ ፎቶዎችን ከታሪካቸው ጋር ሰብስቦ በ2018 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሆኗል። መጽሐፉ የተወደደበት ምክንያት የፎቶዎቹ ጥራት ብቻ አይደለም። ባለ ፎቶዎቹ ስለ ጸጉራቸው አሠራር፣ ስለ ጭፈራ ቤቱ፣ ስላልሆነላቸው ፍቅር ራሳቸው ይናገራሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኔፓል የፎቶ ቤተ መጻሕፍትም በዚሁ መንገድ የአንድ አገር ሰዎችን የቤተሰብ ፎቶ ሰብስቦ በነገሥታት ታሪክ ውስጥ ያልነበሩ ሴቶችንና ሠራተኞችን አሳይቷል። በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ደግሞ የቦስተኑ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰዎች ጥቂት ፎቶ ይዘው እንዲመጡ ይጋብዛል። ፎቶው እዚያው ስካን ይደረጋል፣ ባለቤቱ ስለ ፎቶው ይጠየቃል፣ ፎቶውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የመጨረሻው ነጥብ ለወግዲ ወሳኝ ነው። ‹‹ፎቶህን ስጠን፣ ቀድተን እንመልስልሃለን›› የሚል የመሥሪያ ቤት ቃል የሚታመን አይደለም፤ ለመታወቂያ፣ ለዶሴ፣ ለእርዳታ ዝርዝር ሲባል የተሰጠ ፎቶ ተመልሶ አያውቅምና። በባለቤቱ ዓይን ሥር ተቀድቶ፣ ወዲያው እጁ ላይ ተመልሶ፣ ከተቻለም አዲስ የታተመ ቅጂ ተጨምሮለት መሄድ አለበት። ቦታው ቤተ መጻሕፍቱ ይሁን፤ ቀኑ ደግሞ የገጠሩ ሰው ከተማ የሚገባበት የገበያ ቀን ይሁን።

ንባቡስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

የማኅበረሰብ ንባብ በአገራችን ብዙ ጊዜ ተጀምሮ ብዙ ጊዜ ቆሟል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ፤ በብዙ ቀበሌዎች የንባብ ክፍል ተከፈተ። ብዙዎቹ ጎልማሶች ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፊደሉን መልሰው ረሱት፤ የሚነበብ አልነበረማ። በ2002 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በስምንት ክልሎች በተካሄደ የንባብ ፈተና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ገንዘብ መጻሕፍት ተዘጋጁ፣ መምህራን ሠለጠኑ፣ በየመንደሩ ‹‹የንባብ ካምፕ›› ተከፈተ። ድርጅቱ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ በሩን ሲዘጋ ያ የገንዘብ ምንጭ ደረቀ።

ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ችግሩን ከሌላ ጎኑ ያዩ ሰው ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ሲፈልጉ አጡ። ራሳቸው ጽፈው አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቆይተውም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። አህያዋ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ታዋቂ ሆነች። የሥራው ፍሬ ነገር ግን ልጁ የሚያውቀውን ዓለም በሚያውቀው ቋንቋ የሚያቀርብ ጽሑፍ ነበር። ልጆች ስለ በረዶ ሰውና ስለ ሃሎዊን የሚተርኩ የልገሳ መጻሕፍት በሞሉበት መደርደሪያ ፊት ለምን እንደማይቆሙ ለመረዳት ጥናት አያስፈልግም።

ፎቶው የሚገባው እዚህ ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የአያቷን ፎቶ ይዛ ትመጣለች፤ ወይም ከጎረቤት አዛውንት አጠገብ ትቀመጣለች። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፦ እነማን ናቸው? የት ነው? መቼ ነው? ምን ቀን ነበር? ማን አነሣችሁ? መልሱን በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ ትጽፋለች። ገጹ ከፎቶው ጋር ይቀመጣል፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ፎቶው ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር እየታየ፣ ፕሮጀክተር ከሌለም አድጎ ታትሞ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይነበባል። አዛውንቱ ማንበብ ባይችሉም ሰምተው ‹‹ኧረ ተሳስተሻል፣ እሱ ወንድሙ ነው›› ይላሉ። እርማቱ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ሠላሳ ገጽ ሲጠረዝ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ የሚነበብ የሰፈሩ መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ለጋሽ ያልገዛው።

አንዱ አንብቦ ብዙው መስማቱ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በሳይንት ተድባበ ማርያምም ሆነ በየደብሩ ተአምርና ድርሳን የሚደርሰው ለሚሰማ ሕዝብ ነው። በሌላ በኩል በወሎ ሐድራና መውሊድ መንዙማው በዐጀም፣ ማለትም አማርኛውን በዐረብ ፊደል ጽፎ፣ ሲነበብና ሲዜም ኖሯል። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ስለ 19ኛው መቶ ዘመን ወሎ እስልምና የጻፉት፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ ከአዛውንት ቃልና በየሰው እጅ ከነበሩ ጽሑፎች ብዙ የቀዳ ነው። ብቻውን ጥግ ይዞ በጸጥታ የሚያነብ አንባቢን ብቻ አንባቢ ብሎ የሚቆጥር የንባብ ፕሮግራም ከዚህ ልማድ ጋር ይጋጫል። ‹‹ጸጥታ ይከበር›› የሚለው ሰሌዳ በወር አንድ ከሰዓት ቢወርድ ምንም አይጎዳም።

ሥራው የራሱ ወግ አለው። ስም እስከ አያት ይጻፋል፤ ‹‹አህመድ›› እና ‹‹ከበደ›› ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም አያገኘውም። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ይሰፍራል፤ በእርግጠኝነት ካልታወቀ ‹‹ከድርቁ በፊት››፣ ‹‹ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ›› የሚለው የአዛውንቱ ቃል እንዳለ ይጻፋል፤ አንዳንዴ ከቁጥሩ ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ኮምፒዩተሩን ስለሚያደናግሩት አንድ ስም በሁለት ሦስት አጻጻፍ መመዝገብ ይኖርበታል። ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ክልክል ነው፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ለስላሳ እርሳስ፣ ያውም በዳር በኩል፤ ካልሆነም ፖስታው ላይ። ስካነር ሲኖር በኢንች በ600 ነጥብ ጥራት መቅዳትና ትልቁን ፋይል ሳይነኩ ማስቀመጥ፤ ሳይኖር ደግሞ ፎቶውን ጥላ ውስጥ በቀን ብርሃን ዘርግቶ ስልኩን ከላይ አስተካክሎ ያለ ፍላሽ ማንሣት በቂ ነው። መብራት የጠፋበት ሳምንት ለስካነሩ ዕረፍት ይሆናል፤ ለጥያቄው ግን አይሆንም።

ከሁሉ ቀድሞ መደረስ ያለባቸው ፎቶ ቤቶቹ ናቸው። የፊልም ዘመን ፎቶ አንሺ የደንበኞቹን ኔጋቲቭ በካርቶን አስቀምጦ ይሆናል። ዲጂታሉ ሲመጣ ብዙዎቹ ሥራ ቀይረዋል ወይም አርጅተዋል፤ ካርቶኑም ቤት ሲጸዳ ይጣላል። አንድ የኔጋቲቭ ካርቶን የአንድ ከተማን የሃያ ዓመት ፊት ሊይዝ ይችላል፤ ከመቶ ቤት ግድግዳ የሚለቀመውን ያህል።

ሕጉን በተመለከተ መንገዱ ያን ያህል ጠባብ አይደለም። የ1996ቱ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለፎቶግራፍ የሚሰጠው የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። የደርግና የንጉሡ ዘመን ፎቶ ከዚህ አልፏል። የሚያሳስበው ሌላው ወገን ነው፤ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ቤተ መጻሕፍት የሕያዋንን ፊትና ስም እንዳሻው የሚዘራበት ጊዜ አልፏል። ከአዋጁም በፊት የሰው ይሉኝታ አለ። የቀድሞ ባሏ አጠገብ የቆመች ሴት ያ ፎቶ ግድግዳ ላይ እንዲታይ ላትፈልግ ትችላለች። የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ ጠመንጃ ያነገተውን ሰው ልጆቹ በኩራት ያመጡታል፤ ለጎረቤታቸው ግን ያ ፊት ሌላ ነገር ያስታውሰዋል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው የተሸፈነው ቤተሰቦች ባመጧቸው የሟቾች ፎቶ ነው። ከእነዚያ ብዙዎቹ ጉርድ ፎቶዎች፣ የተማሪ ፎቶዎች ናቸው። በወግዲ አልበም ውስጥ ያለው ጉርድ ፎቶም የሟች ሊሆን ይችላል፣ የገዳይም።

ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከስምና ከቀን ቀጥሎ አንድ አምድ ያስፈልጋል፦ ‹‹ለሁሉም የሚታይ››፣ ‹‹ለቤተሰብ ብቻ››፣ ‹‹እስከዚህ ዓመት ድረስ የታሸገ››። ምርጫው የባለ ፎቶው ነው፤ በፊርማ፣ መጻፍ ካልቻሉም በጣት አሻራ ይጸናል፤ ሐሳባቸውን ሲቀይሩም መዝገቡ ይቀየራል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በስልክ የተነሡት የጦርነት ፎቶዎች ደግሞ ለጊዜው በሦስተኛው ምርጫ ሥር ቢገቡ ይመረጣል። ቤተ መጻሕፍቱ ይህን ቅጽ ሳያዘጋጅ ስካነሩን ባይሰካው ይሻላል።